ሰውነታችን አንቲቦዲ ማምረቱን የሚያቆመው በምን አውቆ ነው?

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ጠያቂው የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ናቸው። የጻፉት ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ስለ በሽታ መከላከል አስተምሬ ስጨርስ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። ‹ቢ ሴል አንቲቦዲ ማምረት መቼ እንደሚጀምር ነግረውናል። የሚያቆመውስ መቼ ነው?› አለኝ። ‹ጀርሙ ሲያልቅ› ብዬ መለስኩለት። እሱ ግን አልተዋጠለትም። ‹ታዲያ የኩፍኝ ክትባት እስከ ዘጠኝ ወር የሚቆየው ለምንድን ነው? እህቴ ልጇን ልታስከትብ ሄዳ፣ ከእናቱ የወሰደው አንቲቦዲ ክትባቱን እንዳይሠራ ያደርገዋል ብለዋታል። አንቲቦዲ ሌላ አንቲቦዲ እንዳይመረት እንዴት ያደርጋል?› አለኝ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እመልስልሃለሁ ብዬዋለሁና እባክዎ ይርዱኝ።»

መምህር፣ ይህን ልጅ አደራ፣ አይልቀቁት። የጠየቀው ጥያቄ ሳይንቲስቶችን ከመቶ ዓመት በላይ ያከራከረ ነው። እኔ ደሴ ውስጥ የሕክምና ላቦራቶሪ ተማሪዎችን ኢሚዩኖሎጂ አስተምራለሁ። ከማስተምረው ሁሉ የምወደው ክፍል ይኼ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

«ጀርሙ ሲያልቅ ያቆማል» ማለትዎ ስህተት አይደለም። አንቲጅኑ፣ ማለትም ሰውነት እንደ ባዕድ የሚለየው የጀርሙ ክፍል፣ ሲጠፋ አንቲቦዲ አምራቹን ነጭ የደም ሴል፣ ቢ ሴሉን፣ የሚቀሰቅሰው ነገር አይኖርም። ግን ይህ ግማሽ መልስ ነው። ሌላው ግማሽ ይህ ነው፦ ቢ ሴል የተመረተውን አንቲቦዲ መልሶ «ያነባል»። በላዩ ላይ አንቲቦዲን በጭራው በኩል የሚይዝ ሪሰፕተር (መልእክት ተቀባይ ፕሮቲን) አለው። በዚያ ሪሰፕተር በኩል «በቂ ተመርቷል» የሚል መልእክት ይደርሰዋል፤ ረገብ ይላል።

ከደሴ ተነስቶ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ እናንተ የሚወርድ ሲኖትራክን ያስቡ። ሾፌሩ ነዳጅ እስኪያልቅ ጠብቆ አይደለም የሚቆመው። ፍሬን አለው፤ በየጠመዝማዛው ያዝ ለቀቅ ያደርገዋል። ለተማሪዎ የጎደለው የትምህርቱ ክፍል ይህ ፍሬን ነው።

አሁን ከመጀመሪያው እንነሳ።

ቢ ሴል የሚፈጠረው በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው። በላዩ ላይ ወደ 100,000 የሚጠጉ ሪሰፕተሮች ተተክለዋል። በአንድ ቢ ሴል ላይ ያሉት ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሚያውቁትም አንድ ቅርጽ ብቻ ነው። እነዚህ የቢ ሴል ሪሰፕተሮች በሽፋኑ ላይ የተተከሉ አንቲቦዲዎች ናቸው። ልክ የሆነው አንቲጅን ሲመጣ ብዙዎቹን ሰብስቦ ያቀራርባቸዋል። ያኔ ከሥራቸው ባሉት ሲዲ 79ኤ እና ሲዲ 79ቢ በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት ይለጠፋል። ከዚያ ኢንዛይሞች ተራ በተራ ይነሳሉ። በመጨረሻ በሴሉ ውስጥ የካልሲየም መጠን ይጨምራል፤ ሴሉ ይነቃል፤ መባዛት ይጀምራል። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ፕላዝማ ሴል ይሆናሉ። አንድ ፕላዝማ ሴል በሴኮንድ በሺዎች የሚቆጠር አንቲቦዲ ይረጫል። እንግዲህ ይህን የሚያህል ምርት ያለ ልጓም ቢለቀቅ ምን እንደሚያስከትል መገመት አይከብድም።

አንቲቦዲው የሹካ ቅርጽ እንዳለው ለተማሪዎችዎ ሥለው አሳይተዋቸው ይሆናል። ሁለት ክንድ አለው፤ አንድ ጭራ አለው። አብዛኛው ጊዜ በክፍል ውስጥ የምንደክመው ለክንዶቹ ነው። አንቲጅኑን የሚይዙት እነሱ ናቸውና። ጭራውን በአንድ ዓረፍተ ነገር እናልፈዋለን። እኔ ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ክንዶቹ ጠላትን ይይዛሉ እንጂ «ከዚህ በኋላ ምን ይደረግ?» የሚለውን የሚወስነው ጭራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ሮድኒ ፖርተር አንቲቦዲን በፓፓዬ ኢንዛይም ቆርጦ ክንዶቹንና ጭራውን ለየ። በዚህም ሥራ እ.ኤ.አ. በ1972 ከጄራልድ ኤደልማን ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋራ። ጭራውን ኤፍሲ እንለዋለን። ኤፍሲን የሚይዙት ሪሰፕተሮች ደግሞ የኤፍሲ ሪሰፕተሮች ይባላሉ።

በሰው ልጅ ላይ አይጂጂ የተባለውን የአንቲቦዲ ዓይነት የሚይዙ በርካታ የኤፍሲ ሪሰፕተሮች አሉ። አብዛኞቹ ቀስቃሽ ናቸው። ለምሳሌ ማክሮፌጅ በተባለው ጀርም ዋጭ ሴል ላይ ያሉት፣ ጀርሙ በአንቲቦዲ ተሸፍኖ ሲመጣ «ዋጠው» የሚል ትእዛዝ ያስተላልፋሉ። ከመካከላቸው አንዱ ብቻ ተቃራኒ ሥራ አለው። ስሙ ኤፍሲ ጋማ ሪሰፕተር 2ቢ ነው፤ ሲዲ 32ቢ ተብሎም ይጠራል። ሥራው ማርገብ ነው። ቢ ሴል ላይ በዋናነት የሚገኘው የአይጂጂ ሪሰፕተርም ይኸው አርጋቢው ነው። ከዚህ በኋላ 2ቢ እያልኩ ልጥራው።

አሁን ዋናው ቁም ነገር መጣ። እዚህ ጋ ትንሽ ቆም እንበል።

አንድ ሰው ከሁለት ሳምንት በፊት በአንድ ጀርም ተይዞ ነበር እንበል። ሰውነቱ ለዚያ ጀርም አይጂጂ አምርቷል። ጀርሙ ገና አልጠፋም፤ ግን አብዛኛው ቅንጣት አሁን አንቲቦዲ ተለጥፎበታል። ያ ቅንጣት አንድ ቢ ሴል ጋ ይደርሳል። ቢ ሴሉ ባልተሸፈነው ጎን በኩል አንቲጅኑን በራሱ ሪሰፕተር ይይዘዋል። በዚያው ቅጽበት፣ ቅንጣቱ ላይ የተለጠፈው የአሮጌው አንቲቦዲ ጭራ በ2ቢ ይያዛል። አንዱ ቅንጣት ሁለቱን ሪሰፕተሮች ጎን ለጎን አመጣቸው ማለት ነው። አንደኛው «ተነስ» ይላል፤ ሌላኛው «ይብቃ» ይላል። ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ ሲሆኑ የሁለተኛው ድምፅ ያይላል።

ለምን ይህን ያህል አስደነቀኝ? ፍሬኑ የሚይዘው ለይቶ ስለሆነ ነው። የኩፍኝ አንቲቦዲ የበዛበት ሰው የቴታነስ ቢ ሴሉ አይታፈንም። የቴታነስ ቢ ሴል የኩፍኝን ቫይረስ አይዝም፤ ስለዚህ ሁለቱ ሪሰፕተሮቹ በአንድ ቅንጣት ላይ አይገናኙም። በደም ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ቢ ሴሎች አሉ። «ይብቃ» የሚለው መልእክት ግን የሚመለከተውን ብቻ ፈልጎ ያገኛል። አዋጅ ነጋሪ የለም፤ አለቃ የለም። መልእክቱን ይዞ የሚሄደው ራሱ አንቲቦዲ የተለጠፈበት ቅንጣት ነው።

ጎበዝ ተማሪ እዚህ ጋ ሌላ ጥያቄ ያነሳል፤ የእርስዎም ተማሪ ሳያነሳ አይቀርም። «ደማችን ሁልጊዜ በአይጂጂ የተሞላ ነው። ታዲያ ፍሬኑ ሁልጊዜ ተይዞ አይኖርም ወይ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር የደም ፈሳሽ ውስጥ ወደ 10 ሚሊ ግራም አይጂጂ አለ፤ ይህ ብዙ ነው። መልሱ የ2ቢ አያያዝ ደካማ መሆኑ ነው። ለብቻዋ የምትንሳፈፍን አንዲት አይጂጂ ቢነካት እንኳ ወዲያው ይለቃታል። አጥብቆ የሚይዘው ብዙ ጭራዎች አንድ ቅንጣት ላይ ተሰብስበው ሲመጡ ነው። ያ ደግሞ የሚሆነው አንቲቦዲዎቹ ሥራ ላይ ሲሆኑ፣ ማለትም አንቲጅን ሲይዙ ነው። እንዲያውም ሪሰፕተሩ «ጠንካራ» ቢሆን ኖሮ ሁላችንም ያለ መከላከያ በቀረን ነበር።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አልታወቀም። እ.ኤ.አ. በ1909 ቴዎባልድ ስሚዝ የዲፍቴሪያን መርዝ ከጸረ መርዙ ጋር እየቀላቀለ ለእንስሳት ሰጠ። ጸረ መርዙ ከመጠን ሲያልፍ እንስሳው የራሱን መከላከያ በደንብ እንደማይሠራ ተመለከተ። ከውጭ የገባ አንቲቦዲ የውስጡን ምርት ያዳክማል ማለት ነው። የተማሪዎ ጥያቄ ያኔ ተጠየቀ ማለት ይቻላል።

ወሳኙ ሙከራ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው። ለእንስሳት አንቲጅን ሲሰጥ ሙሉ አይጂጂ ቢጨመርበት ምላሹ ይታፈናል። ጭራው ተቆርጦ ክንዶቹ ብቻ ሲጨመሩ ግን መታፈኑ በጣም ይቀንሳል። ክንዶቹ አንቲጅኑን እንደ በፊቱ ይይዙታል። የጎደለው ጭራው ብቻ ነው። ስለዚህ የማፈኑ ሥራ አንድ ክፍል በጭራው በኩል እንደሚያልፍ ታወቀ። ለክፍልዎ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ሙከራውን ብቻ ይንገሯቸውና መደምደሚያውን ራሳቸው እንዲያወጡት ይተዉላቸው።

በሴሉ ውስጥ የሚሆነውን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አወቅን። የ2ቢ የውስጥ ጫፍ ላይ አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት አለ፤ በመሐሉ ታይሮሲን ይገኛል። ሁለቱ ሪሰፕተሮች ሲቀራረቡ፣ በቢ ሴል ሪሰፕተሩ ዙሪያ የነቃው ሊን የተባለ ኢንዛይም በዚያ ታይሮሲን ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። ያ ፎስፌት ሺፕ የተባለ ኢንዛይም ይጠራል። ሺፕ መጥቶ በሴሉ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ ያለውን ፒፕ 3 የተባለ የቅባት ሞለኪውል ያገኘዋል፤ ከላዩ ላይም አንድ ፎስፌት ይነቅልበታል። ፒፕ 3 ደግሞ ቢቲኬ የተባለው ቀስቃሽ ኢንዛይም የሚቆምበት ቦታ ነው። ቦታው ሲጠፋ ቢቲኬ ሽፋኑን ይለቃል። ካልሲየም የሚገባበት መንገድ ይዘጋል። ሴሉ መንቃት ጀምሮ የነበረው ሳይጨርስ ይቀራል።

እዚህ ጋ ተማሪዎች እንዲያስተውሉት የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ፍሬኑን የሚያስይዘው ራሱ የቀስቃሹ ጎን ኢንዛይም ነው። ሊን በቀስቃሹም መንገድ ላይ ይሠራል፤ በአርጋቢውም ላይ ይሠራል። ስለዚህ ሴሉ እያንቀላፋ ሳለ ፍሬን የሚይዝበት ምክንያት የለም። መነሳት ሲጀምር ግን ፍሬኑም አብሮ ዝግጁ ይሆናል።

ፍሬኑ ባይኖርስ? ይህንንም ተሞክሮ አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 ይህ ሪሰፕተር የሌላቸው አይጦች ተፈጠሩ። አንቲጅን ሲሰጣቸው ከተለመደው የበዛ አንቲቦዲ አመረቱ። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ የባሰ ነገር ታየ። በአንድ የአይጥ ዘር ላይ ሪሰፕተሩ ሲጠፋ እንስሳቱ ከጊዜ በኋላ ሉፐስን፣ ማለትም መከላከያው የራሱን ሰውነት የሚያጠቃበትን ሕመም፣ የመሰለ በሽታ ያዛቸው። አንቲቦዲዎቻቸው የራሳቸውን ዲኤንኤ ያዙ፤ ኩላሊታቸው ተጎዳ። በሌላ የአይጥ ዘር ላይ ግን ያው ሪሰፕተር ጠፍቶ ሕመሙ አልመጣም። ስለዚህ የፍሬኑ መጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ ሌሎች ጂኖችም ይተባበሩበታል።

ሉፐስ በሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ለሚያውቅ ሰው ይህ የወረቀት ወሬ አይደለም። ከታማሚዎቹ ከ10ሩ 9 ያህሉ ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም በወጣትነት ዕድሜ ላይ ያሉ። መገጣጠሚያ ያማል፤ ፊት ላይ ሽፍታ ይወጣል፤ ኩላሊት ይታመማል። አንዳንዷ በሽታዋ ሳይታወቅ ረጅም ጊዜ ትንከራተታለች። በሉፐስ ታማሚዎች ደም ላይ በተደረጉ ጥናቶች ትዝታ ያላቸው ቢ ሴሎች 2ቢን እንደ ጤነኛ ሰው ከፍ አድርገው እንደማያወጡ ታይቷል። በጤነኛ ሰው ትዝታ ያለው ቢ ሴል ከአዲሱ ቢ ሴል የበለጠ 2ቢ አለው። ይህም ያስኬዳል፤ በቀላሉ የሚነሳ ሴል ጠንከር ያለ ፍሬን ያስፈልገዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የምነግርዎት ነገር ወደ እናንተ ሰፈር ይቀርባል።

2ቢን የሚሠራው ጂን ክሮሞዞም 1 ላይ ነው። በአንዳንድ ሰዎች ላይ የሪሰፕተሩ 232ኛ አሚኖ አሲድ ይለያል፤ በአይሶሉሲን ፋንታ ትሪዮኒን ይገባል። ይህ ቦታ ሪሰፕተሩ በሴሉ ሽፋን ውስጥ የተቀበረበት ክፍል ነው። የተለወጠው ሪሰፕተር ከቢ ሴል ሪሰፕተሩ ጋር በሚገናኝበት የሽፋኑ ክፍል በደንብ አይገባም። ፍሬኑ አለ፤ ግን ይላላል። ለውጡን ከእናትም ከአባትም የወረሱ ሰዎች ለሉፐስ የመጋለጥ ዕድላቸው ከፍ ይላል።

እንግዲህ ጎጂ ከሆነ ለምን አልጠፋም? ለውጡ በአውሮፓውያን ዘንድ ያን ያህል አይደለም። በብዛት የሚገኘው በአፍሪካና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። እነዚህ ወባ የኖረባቸው አገሮች ናቸው። ኬንያ ውስጥ በሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ፣ ይህን ለውጥ ከሁለቱም ወገን የወረሱ ልጆች በከባድ ወባ የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ መሆኑን አሳየ። ፍሬኑ የላላ ሰውነት ወባን ጠንክሮ ይዋጋል። በዚያው ልክ ደግሞ ራሱን የማጥቃት አደጋው ይጨምራል።

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲና ወደ ከሚሴ ዝቅ ሲሉ የወባን ነገር ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ተማሪዎችዎ ስለ ማጭድ ቅርጽ ቀይ የደም ሴልና ስለ ወባ ተምረው ከሆነ ይህን ከጎኑ ያስቀምጡላቸው። የአንድ ጂን ጥቅምና ጉዳት በሚኖሩበት ቦታ ይወሰናል። ይህን በመጽሐፍ ላይ ካለ ሩቅ ምሳሌ ይልቅ በሚያውቁት በሽታ ሲሰሙት ይገባቸዋል።

በነገራችን ላይ «የመከላከል አቅምን የሚጨምር» እየተባለ የሚሸጠውን ነገር ሁሉ የማልወደው በዚህ ምክንያት ነው። ሰው ደህና ምግብ ይብላ፣ ይተኛ፣ ይከተብ። ግን ሲስተሙ በጨመረ ቁጥር ይሻላል የሚለው ሐሳብ ትክክል አይደለም። ሉፐስ ያለባት ሴት የጎደላት መከላከያ አይደለም፤ የበዛና አቅጣጫ የሳተ መከላከያ ነው የሚጎዳት።

ሐኪሞችም ይህን ፍሬን በመድኃኒት ለመያዝ እየሞከሩ ነው። ኦቤክሴሊማብ የተባለ በቤተ ሙከራ የተሠራ አንቲቦዲ አለ። በክንዶቹ ቢ ሴል ላይ ያለውን ሲዲ 19 ይይዛል። ጭራው ደግሞ 2ቢን አጥብቆ እንዲይዝ ተደርጎ ተለውጧል። ሁለቱን አንድ ላይ በመጎተት ቢ ሴሉን ሳይገድል ያረግበዋል። በራስ ላይ በሚነሱ በሽታዎች ላይ ሙከራ ሲደረግበት ቆይቷል። ሴሉን ጨርሶ ከሚያጠፉ መድኃኒቶች የተለየ መንገድ ስለሆነ እኔ በጉጉት ነው የምከታተለው።

ስለ ሌሎቹ ሪሰፕተሮች ቶሎ ልበል። ለአለርጂ የሚታወቀው አይጂኢ የራሱ አለው፤ ሲዲ 23 ይባላል። ቢ ሴል ላይ ተቀምጦ የአይጂኢን ምርት በመቆጣጠር ይሳተፋል። አይጂኤም ደግሞ ጠባዩ ከአይጂጂ ተቃራኒ ነው። በኢንፌክሽን መጀመሪያ ላይ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። አንቲጅኑ ላይ ሲለጠፍ ኮምፕሊመንት የተባሉትን ፕሮቲኖች ይጠራል። ከነሱ አንዱ ቁራጭ በቢ ሴል ላይ ባለው ሲዲ 21 ይያዛል። ይህ ቢ ሴሉን ያጠነክረዋል እንጂ አያፍነውም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚወጣው አንቲቦዲ «በርቱ» ይላል፤ በስተኋላ የሚበዛው «ይብቃ» ይላል። ይህን ቅደም ተከተል ልብ ይበሉልኝ፤ ለተማሪዎ «መቼ ነው የሚያቆመው?» ለሚለው ጥያቄ ቀጥተኛው መልስ እዚህ ውስጥ ነው።

ፕላዝማ ሴሎችም አሉ። አንዳንዶቹ በአጥንት መቅኔ ውስጥ ለዓመታት ይኖራሉ። ቦታው ግን ጠባብ ነው። በአይጦች ላይ እንደታየው እነዚህ ሴሎች ላይም 2ቢ አለ። በአንቲጅንና በአይጂጂ ክምችት ብቻውን ሲጎተት ሴሉ እንዲሞት ያደርጋል። በዚህ መንገድ ለአዲሶቹ ቦታ ይለቀቃል ተብሎ ይታሰባል።

አሁን ወደ ኩፍኙ ልመለስ። የተማሪዎ እህት የተነገራት እውነት ነው። ግን ሙሉ ምክንያቱ ከአንድ በላይ ነው፤ ሁሉንም በ2ቢ ላይ መጫን አይገባም።

የእናት አይጂጂ ወደ ልጁ የሚሻገረው በእርግዝና ጊዜ ነው፤ በተለይ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት። የሚያሻግረውም እንግዴ ልጅ ላይ ያለ ሌላ የኤፍሲ ሪሰፕተር ነው፤ ኤፍሲአርኤን ይባላል። እሱም የሚይዘው ያንኑ ጭራ ነው። ስለዚህ አንድ ጭራ ሁለት ነገር ያደርጋል። በአንደኛው ሪሰፕተር በኩል ልጁን ከመጀመሪያዎቹ ወራት አደጋ ይጠብቀዋል። በሌላኛው በኩል ደግሞ የልጁን ቢ ሴል ሊያፍን ይችላል።

ክትባቱ የተዳከመ ግን ሕይወት ያለው ቫይረስ ነው። ሥራውን ለመሥራት ትንሽ መባዛት አለበት። የእናት አንቲቦዲ ገና ብዙ ከሆነ ቫይረሱን ይይዘዋል፤ እንዳይባዛ ያደርገዋል። ይህ አንደኛው ምክንያት ነው። ሁለተኛው፣ ተለጣፊው አንቲቦዲ የቫይረሱን ገጽ ስለሚሸፍነው የልጁ ቢ ሴል የሚይዘው ቦታ ያጣል። ሦስተኛው የ2ቢ ፍሬን ነው። ኩፍኝ በሚይዘው አንድ የአይጥ ዝርያ ላይ ጭራ ያለው አንቲቦዲ ምላሹን አፍኖታል፤ ጭራው ሲቆረጥ ግን አላፈነውም። ይህ የሪሰፕተሩን ድርሻ ያሳያል።

ግን ጠንቀቅ እንበል። 2ቢ የሌላቸው አይጦች ላይም ቢሆን፣ ከባዕድ ቀይ የደም ሴል ጋር የሚሰጥ፣ ያንኑ ሴል የሚይዝ አይጂጂ ምላሹን ያፍነዋል። ስለዚህ ሁሉም መታፈን በዚህ ሪሰፕተር አይደለም የሚመጣው። የደም ዓይነቷ አርኤች ኔጋቲቭ የሆነች እናት አርኤች ፖዘቲቭ ልጅ ስትወልድ፣ በልጁ ዓይነት ቀይ የደም ሴል ላይ አንቲቦዲ እንዳታመርት የሚሰጣት የጸረ ዲ መርፌም እንዲሁ ነው። ራሱ አንቲቦዲ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ብዙ ሕፃናትን አትርፏል። የልጁን ቀይ የደም ሴሎች ከእናቲቱ ደም ቶሎ ማጽዳቱና መሸፈኑ ዋናውን ሥራ ይሠራል ተብሎ ይገመታል። ተማሪዎ ይህን ቢጠይቅዎት «ሪሰፕተሩ ነው» ብለው እንዳይዘጉት። ባዮሎጂ ብዙ ጊዜ አንድን ሥራ በሁለትና ሦስት መንገድ ነው የሚያስኬደው።

ለምን ዘጠኝ ወር? ይህንን ከሒሳብ መምህሩ ጋር ሆነው ሊያሠሯቸው ይችላሉ። አይጂጂ በደም ውስጥ በ21 ቀን ገደማ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ከ63 ቀን በኋላ ከ8 አንድ እጅ ይቀራል። ከ189 ቀን በኋላ፣ ማለትም ስድስት ወር ካለፈ ብዙም ሳይቆይ፣ ከ512 አንድ እጅ። ከ273 ቀን በኋላ፣ በዘጠኝ ወር ግድም፣ ከ8,192 አንድ እጅ ብቻ። በእርግጥ በሕፃን ሰውነት ውስጥ ፍጥነቱ ዘግየት ሊል ይችላል። የመነሻው መጠንም እናት ኩፍኝ ይዟት እንደሆነ ወይም ተከትባ እንደሆነ ይለያያል። መንገዱ ግን ይህ ነው።

ክትባቱ በ9 ወር ሲሰጥ ከ100 ሕፃናት ወደ 85 ያህሉ ይጠበቃሉ። በ12 ወር ቢሰጥ 95 ገደማ ይደርሳሉ። «ታዲያ ለምን 12 ወር አንጠብቅም?» ይባላል። ኩፍኝ በሚዞርበት አገር ሦስት ወር ያለ መከላከያ መቆየት ብዙ ሕይወት ያስከፍላል። ኩፍኝ ቀላል በሽታ አይደለም፤ ሳንባ ያቆስላል፣ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። ወረርሽኝ ሲነሳ ከ6 ወር ጀምሮ አንድ ተጨማሪ ክትባት የሚሰጠውም ለዚህ ነው። የእናት አንቲቦዲ የቢ ሴሉን ምላሽ ቢያዳክመውም የሌላው የመከላከያ ሴል፣ የቲ ሴሉ፣ ምላሽ በአብዛኛው ይሠራልና ባዶ አይቀርም። ያ ተጨማሪ ክትባት ግን የመደበኛውን ቦታ አይተካም።

ለተማሪዎ እህት ይህን ያድርሱልኝ። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት በ15 ወር መስጠት ጀምራለች። በዚያ ዕድሜ የእናት አንቲቦዲ ተጠርጎ አልቋል። በ9 ወር ከ100ው ውስጥ ያልያዘላቸው 15 ያህል ልጆች አብዛኞቹ ያኔ ይይዝላቸዋል። ልጇ ከእነዚያ ውስጥ ይሁን አይሁን በዓይን አይታይም። ስለዚህ የ9 ወሩን ከወሰደ በኋላ ካርዱን ይዛ በ15 ወሩ መልሳ ትውሰደው።